ሦስት ሰከንድ

ሰኞ ጠዋት፣ ከርክዎል፤ የከብት ሐራጅ አለ፤
ባሕሩ ከግንቡ ማዶ እንደ ኮርማ ያገሳል።
እኔ ጸሐፊ ነኝ። ወንበሬ ከማንሲ ቀኝ፣
ጆሮዬ ከአፉ ሥር፤
እሱ ይጠራል፣ እኔ እከትባለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስንኖር።

ማንሲ ፍሌት ሲጠራ ቁጥር ቁጥር አይመስልም፤
ዝናብ ነው በቆርቆሮ፣ ጠብታው አይለይም።
«ዘጠኝ መቶ፣ ዘጠኝ አሥር፣ ሃያ ከግድግዳው ዳር፣
ሠላሳ ከባለ ቆቡ፣
አርባ አለ የሳንዴዩ ሰው በቅንድቡ!»
አንዱ አፍንጫውን ያካል፤ ልግዛ ማለቱ ነው።
ሌላው አፍንጫውን ያካል፤ ስለበላው ነው።
ማንሲ ይለያል።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልነገርኩም።
ጥቅምት ነበር። ቦቃ ጊደር ገባች።
«ሺህ ሁለት መቶ» አለ። ቆመ።
አንድ ትንፋሽ ቢሆን ነው፤
ግን ዝናብ ሲያባራ ዝምታው ይሰማል።
ዞረና በከንፈሩ ብቻ
«ስንት ላይ ነበርኩ?» አለኝ።

በወረቀቴ ጠርዝ ላይ ቁጥሩን አገዘፍኩለት፤
አነበበ፣ ቀጠለ፣ እንደዋዛ አለፈለት።
ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠርዙን ክፍት ተውኩለት።

ረሳ አትበሉ። መርሳት ሌላ ነው።
የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተሸጠ ኮርማ፣
ዋጋውን፣ ገዢውን፣ የእናቲቱን ቀለም ይነግራችኋል።
ያስቸገረው አሁን ነው፤
ሁለት እንቁላል ሲያቀብሉት
አንዱን ሲይዝ አንዱ የሚወድቅበት።

በመርከብ ወደ አበርዲን ሄደ፣ ከሚስቱ ከቶራ ጋር።
ከማጫወቻ ውስጥ የሴት ድምፅ ቁጥር ይጠራል፣
በየሦስት ሰከንዱ አንድ፤
አዲሱን ከቀደመው ደምሮ መናገር ነው።
ሦስት። አምስት። «ስምንት» አለ።
ሁለት።
ስምንቱ አፉ ላይ አለ፣ አምስቱ ግን የት ገባ?
ዘጠኝ።
ሁለቱም የለ።

«ሦስት ሰከንድ ሰጡኝ» አለኝ ሲመለስ። «ሦስት ሰከንድ!
እኔ በሦስት ሰከንድ መንጋ ሸጬ
ሌላ መንጋ አላስገባም ነበር?»
ሐኪሟ የበሽታውን ስም ነግራዋለች፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ፤
ገላ የገዛ ነርቡን ልባስ ይልጣል አለችው።
ይህ አልከበደውም፤ የኤሌክትሪክ አጥር ያውቃል፣
ሽቦው ሲላጥ፣ እርጥብ ሣር ሲነካው፣
ኃይሉ ከበጉ ሳይደርስ እንዴት መሬት እንደሚጠጣው።
ምስሉንም አሳየችው፤
ጥቁር ማሳ ላይ የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች።
«ራሴ ውስጥ በጎች አሉ።»
ስንት ናቸው? አልኩት፣ ለቀልድ።
«ጀምሬ ነበር» አለ።

በደሴት ላይ ወሬ ከባለቤቱ ይቀድማል።
በሚቀጥለው ሰኞ እጆች ሁሉ ከበዱ፤
በቅንድብ ይገዛ የነበረው ክንዱን ሙሉ አነሣ፣
አፍንጫው የበላው ሰው ሳያክ ዋለ፣
በር ከፋቹም ልጅ ጊደሮቹን በዝግታ፣ በዝግታ ነዳ።
ደግነት ነበር።
ማንሲ አየ። ይህን ለማየት አልዘገየም።
መዶሻውን አጋደመ።
«ቀብሬ ላይ ናችሁ እንዴ? ተጫረቱ!»
ማንም አልሣቀም።

አሁን የምትጠራው የሬንዳል ልጅ ነች፣ ኬርስቲን፤
ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ እጅዋ ፈጣን።
ወረቀቴ እስከ ጠርዙ ይሞላል።

በመጋቢት መጣ፤ ሦስተኛው ረድፍ ተቀመጠ።
ግራጫ ጊደር ወደደ፤ አሰበ፤ ጣቱን አነሣ፤
መዶሻው ወርዶ ነበር።
ጣቱ ግን አልወረደም፤
ቀጥሎ አንካሳ፣ ሽማግሌ አውራ በግ ገባ፤
ተጫራች የለ፣ ከዚያች ጣት በቀር።
«ተሸጠ!» አለች ኬርስቲን።
ቶራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።
«ሐራጅ ነው» አላት፤ ከት ብሎ ሣቀ።

ማታ ሊከፍል ከመስኮቴ ፊት ቆመ።
ኖቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ፤
ሰባት ሰው ከኋላው፣ የመኪና ቁልፍ በእጃቸው።
ቆጠረ። ሳተ። ሰበሰበ።
እንደገና ከአንድ ጀመረ።
ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤
እስክሪብቶዬም እጄ ላይ ነበር።
አልጻፍኩለትም።